የመላኪያና የማሸጊያ ሒሳብ በኦንላይን ጨረታ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

መሶብ፣ ጀበና፣ የላስታ ማር፣ የባቲ የብር ጌጥ ፎቶው ቴሌግራም ላይ ይወጣል፤ ተጫራቾች ከሥሩ ዋጋ ይጽፋሉ፤ ሰዓቱ ሲሞላ ከፍተኛ የሰጠው ያሸንፋል። ጠቡ የሚነሳው ከዚያ በኋላ «መላኪያና ማሸጊያ» የሚል ሒሳብ ሲመጣ ነው። ገዢው ሻጩን ሌባ ይለዋል፣ ሻጩም ገዢውን ቋጣሪ። ሒሳቡ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ ተጫራቹ ዋጋ ከመስጠቱ በፊት ካወቀው የሚያጣላ ነገር የለውም። ካሸነፈ በኋላ የተነገረው ከሆነ ግን 50 ብርም ብትሆን ተገቢ አይደለችም። ከደሴ እስከ ወልድያ ደጋግመው የሚሰሙትን የተሳሳቱ አባባሎች እንያቸው።

«ሻጩ መጠየቅ ያለበት ደረሰኙ ላይ ያለውን ብቻ ነው»

ደረሰኙ የሚያሳየው የአጓጓዡን ድርሻ ነው፤ በመናኸሪያ ደግሞ ብዙ ጊዜ ደረሰኝ የሚባል ነገርም የለም። አንድ የሸክላ ጀበና ከደሴ አዲስ አበባ ሲላክ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ ከመንገዱ ይልቅ የሚጎዳው ግን መጫኑና መውረዱ ነው። በደንብ ለማሸግ ሁለት ካርቶን፣ ስፖንጅ ወይም የተጨማደደ ወረቀት፣ ስኮች እና ግማሽ ሰዓት የሚጠጋ ጉልበት ይፈልጋል። ለማሳያ ያህል እንደምር፦ ካርቶኖቹ 60 ብር፣ መሙያና ስኮች 50፣ ባጃጅ እስከ መናኸሪያ 60፣ ለአውቶቡሱ 200። ድምሩ 370 ብር ነው፤ ለአጓጓዡ የተከፈለው ግን 200 ብቻ። የቀረው 170 ብር የት ገባ ብሎ ሻጩን መክሰስ አይገባም።

ማጭበርበሩ የሚደበቀው ሌላ ቦታ ነው። አንድ ጥቅል ስኮች ለ15 ዕቃ እየበቃ ሙሉ ዋጋው በእያንዳንዱ ገዢ ላይ ሲጫን፣ ስድስት ዕቃ በአንድ ባጃጅ ሄዶ ስድስቱም ገዢ የሙሉ ባጃጅ ሲከፍል፣ ከሱቅ በነፃ የተገኘ ካርቶን እንደ አዲስ ሲታሰብ። ገዢው መጠየቅ ያለበት «ደረሰኙ የታለ?» ሳይሆን «ምኑ ስንት ሆነ?» ነው። አራት መስመር ዝርዝር ለመጻፍ ሁለት ደቂቃ ይበቃል፤ እሱን የማይጽፍ ሻጭ ላይ መጠራጠር ነውር የለውም።

«ቀላል ዕቃ በርካሽ ይላካል»

እዚህ ላይ መሶብ ብዙዎችን ያስደነግጣል። ባዶው 3 ኪሎ ቢመዝን እንኳ ካርቶን ውስጥ ሲገባ 50 በ50 በ60 ሴንቲ ሜትር ቦታ ሊይዝ ይችላል። ፈጣን መልእክት አድራሾች በተለምዶ ርዝመቱን፣ ወርዱንና ቁመቱን አባዝተው ለ5000 ያካፍሉታል፤ ውጤቱን ከሚዛኑ ጋር አነጻጽረውም በሚበልጠው ያስከፍላሉ። 150,000 ለ5000 ሲካፈል 30 ኪሎ ይሆናል። የአየር ካርጎ ብዙ ጊዜ የሚያካፍለው ለ6000 ስለሆነ እዚያ 25 ኪሎ ይመጣል። ከኮምቦልቻም ሆነ ከላሊበላ በአውሮፕላን የሚላክ መሶብ ዋጋው የሚከብደው ለዚህ ነው። ክዳኑ ተገልብጦ ወደ ውስጥ ገብቶ ቁመቱ ወደ 45 ቢወርድ፣ በ5000 ሲካፈል 22.5 ኪሎ ይሆናል። ይህን የማያደርግ ሻጭ የገዢን ገንዘብ አየር ላይ ይጥላል።

አውቶቡስ ላይ ሚዛንም ሜትርም የለም፤ ረዳቱ በዐይኑ ለክቶ ዋጋ ይጠራል፣ ከዚያ ክርክር ነው። ስለዚህ ሻጩ ዕቃውን አሽጎ፣ ጨረታው ከመከፈቱ በፊት ዋጋ ጠይቆ ቢጽፍ ይሻላል።

ማር ደግሞ በተቃራኒው ነው። 1 ሊትር ማር ወደ 1.4 ኪሎ ይመዝናል፤ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 7 ኪሎ ይሆናል። 5 ኪሎ ነው ብሎ የገመተ ገዢ ተጭበረበርኩ ይላል፣ ሻጩ ግን ምንም አልዋሸም። ወደ ውጭ አገር በፖስታ «ትንሽ ጥቅል» የሚባለው እስከ 2 ኪሎ ብቻ ነው፤ ጀበና በሁለት ካርቶን ሲታሸግ በቀላሉ ያልፈዋል፣ ሲያልፍም ሌላ ታሪፍ ውስጥ ይገባል። መመዘን ያለበት የታሸገው እንጂ ራቁቱን ያለው ዕቃ አይደለም።

«መነሻው 1 ብር ነው፤ ርካሽ ጨረታ ነው»

የቆየ ዘዴ ነው። ኢቤይ በሚባለው የአሜሪካ የኦንላይን ጨረታ ድረ ገጽ ላይ ኮሚሽን የሚታሰበው ከመሸጫ ዋጋ ብቻ በነበረበት ጊዜ አንዳንድ ሻጮች ዕቃውን በሳንቲም አቅርበው ትርፋቸውን መላኪያው ውስጥ ይደብቁ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ኢቤይ በአሜሪካ ከመላኪያውም ኮሚሽን መውሰድ ጀመረ። ዘዴው የሚሠራው ሰው መነሻውን እያየ መላኪያውን ስለሚዘነጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ፣ በሲዲና በቪዲዮ ጌም ጨረታ ላይ በተሠራ ሙከራ፣ መነሻውና መላኪያው ተደምረው 4 ዶላር በሆኑበት ጊዜ መነሻውን ወደ ሳንቲም አውርዶ ቀሪውን መላኪያ ማድረግ ብዙ ተጫራችም የተሻለ ገቢም አምጥቷል።

አጫራቹ ከአሸናፊው ዋጋ ላይ ኮሚሽን በሚወስድበት ቻናል ላይም ይኸው ቀዳዳ አለ። መድፈኛው ኮሚሽኑን ከድምሩ ማሰብ፣ ወይም ለየዕቃው ዓይነት የመላኪያ ጣሪያ ማስቀመጥ ነው። ተጫራቹ ደግሞ ከኋላ ይቁጠር፦ ዕቃው ቤቴ እስኪገባ 1,500 ብር አወጣለሁ ካለ፣ መላኪያው 400 ከሆነ፣ የሚሰጠው ከፍተኛ ዋጋ 1,100 ነው። በሰዓቱ ማብቂያ ላይ፣ እልህ ሲገባ፣ ይህን ቁጥር አለማለፍ ነው ጭንቁ።

«መላኪያ ነፃ ከሆነ ፍትሐዊ ነው»

የመላኪያው ሒሳብ መነሻ ዋጋው ውስጥ ገብቷል ማለት ነው፤ የሚጠፋ ነገር የለም። ደሴ ላለ ሻጭ የኮምቦልቻው ገዢ 25 ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ ላይ ነው፤ «ነፃ» ሲባል እሱም የአዲስ አበባውን ያህል ይሸከማል። ለቅርብ ገዢ «መጥቶ ለሚወስድ ይህን ያህል ይቀነሳል» የሚል መስመር ቢጨመር የተሻለ ነው።

«ሁለት ዕቃ ያሸነፈ መላኪያውም እጥፍ ነው»

አይደለም። ባጃጁ አንድ ነው፣ ካርቶኑም ብዙ ጊዜ አንድ ነው። መሶቡ ውስጥ ነጠላ ወይም ጋቢ ቢገባ የካርቶኑ መጠን አይለወጥም፤ መሙያም ይሆናል። ማርና ጀበና ግን አንድ ላይ አይታሸጉም፤ ክብደቱ ሸክላውን ይሰብረዋል፣ ከፈሰሰም ሁለቱም ይበላሻሉ። እነሱን ለየብቻ ማስከፈል ትክክል ነው።

«‹ተሰባሪ› ተብሎ ከተጻፈበት ይበቃል»

ጽሑፉን ጭነት የሚደረድር ሰው አያነበውም። ጀበና የሚሰበረው አንገቱና እጀታው ላይ ነው፤ በእነሱ ዙሪያ ያለው ባዶ ቦታ መሞላት፣ ከካርቶኑ ግድግዳም በሁሉም በኩል 5 ሴንቲ ሜትር መራቅ አለበት። ሲነቀነቅ ድምፅ ከተሰማ ተከፍቶ እንደገና ይታሸግ። ማር ጀሪካኑ ጢም ብሎ አይሞላ፤ ቆላ ሲወርድ በሙቀቱ ይቀጥናል፣ ከክዳኑ ሥርም ይወጣል። የአፉን ውስጥ በላስቲክ መሸፈን፣ ክዳኑን በስኮች መጠምጠም፣ ከውጭ በወፍራም ፌስታል ማሰር ነው።

የማሸጊያ ክፍያ የተቀበለ ሻጭ ማሸጉ ጎድሎ ለተሰበረው ይጠየቃል። መንገድ ላይ ለጠፋው ማን እንደሚጠየቅ ግን ጨረታው ሲከፈት መጻፍ አለበት። የታሸገው ዕቃ ሚዛን ላይ እያለ፣ ከዚያም የአውቶቡሱ ታርጋ፣ ፎቶ ተነስቶ ከረዳቱ ስልክ ቁጥር ጋር ለገዢው ቢላክ ክርክሩ ይቀንሳል። ሻጩ የተሳሳተ ዕቃ ልኮ ከሆነ ደግሞ የመሄጃውንም የመመለሻውንም መላኪያ የሚከፍለው እሱ ነው፤ ገዢው ሐሳቡን ቀይሮ ሲመልስ ግን መመለሻው የራሱ ነው።