«የሞተ ልጅ አንገቱ ረዥም ነው» ለማን ይባላል?

ሰው ሞቶ ዘመድ ወዳጁ ስለ ደግነቱ ሲጽፍ፣ ከሥር አንዱ ብቅ ይልና «የሞተ ልጅ አንገቱ ረዥም ነው» ብሎ ይሄዳል። ማለት የፈለገው «አታጋንኑ፣ ሰውዬው እንዲህ አልነበረም» ነው። የስልሳና የሰባ ዓመት አዛውንት ተቀብሮ አፈሩ ሳይደርቅ ይህን ተረት መወርወር ሁለት ጊዜ መሳት ነው። አንደኛ፣ ተረቱ ስለ ልጅ ነው። ሁለተኛ፣ ተረቱ ሐዘንተኛን ውሸታም ለማለት የወጣ አይደለም። ይህን ለማየት ገጠር ውስጥ ሰው ሲሞት እንዴት እንደሚለቀስለትና ምኑ እንደሚነሣለት ማወቅ ያስፈልጋል።

በጎጃም፣ በጎንደር፣ በወሎም ሆነ በሸዋ ገጠር ሙሾ አውራጇ ዝም ብላ አትጀምርም። ለቅሶ ቤት ስትደርስ ከቤተሰቡ አንዷን ወደ ጥግ ትስብና ትጠይቃለች። የሟች ስም ማን ነው? አባቱ፣ አያቱ? ስንት እህትና ወንድም አለው? ከእነሱ የቀደመው ማን ነው? ከሩቅ የሚመጣና ገና ያልደረሰ አለ? ምን አሞት ሞተ? ከማን ጋር ተጣልቶ ነበር፣ ታርቋል? የመጨረሻው ጥያቄ ትልቁ ነው፤ ሳይታረቅ የቀረ ባላንጣ ከለቀስተኛው መሀል ቆሞ ከሆነ የምታወርደው ግጥም ነገር ሊቀሰቅስ ይችላል።

ከዚያ ሰው ክብ ይሠራል፣ እሷ መሀል ትገባለች። ግጥሙ ሁለት ሁለት ስንኝ ነው፣ ቤት ይመታል፤ ሁለተኛው ስንኝ ሲያልቅ ለቀስተኛው ዋይታውን ያነሣል፣ ደረት ይደቃል። በዚያ መሀል እሷ ቀጣዩን ታስባለች። መጀመሪያ ስሙንና ዘሩን ትጠራለች፣ ቀጥላ ሥራውን፣ ከዚያ አሟሟቱን፣ በመጨረሻም ቀድመው ለሄዱት መልእክት ትሰጠዋለች፤ «እናትህን ስታገኛት እንዲህ በላት» የሚል ዓይነት። ከሩቅ የመጣ ዘመድ ከመንደሩ ዳር እያለቀሰ ሲገባ የተቀመጠው ሁሉ ይነሣል፣ ሙሾውም በእሱ ስም እንደገና ይጀመራል። አንዲት እህት ሳትጠራ ከቀረች ቂሙ ከሰልስት አልፎ ለዓመት ይተርፋል።

አሁን ሥራው ላይ እንቆይ፣ የተረቱ ፍሬ እዚያ ነውና። የገበሬ ሙሾ የሚቆጥረው በሬውን፣ እርሻውን፣ ጎተራውን፣ መሸት ሲል በሩን ለመንገደኛ መክፈቱን ነው። የባለሙያ ሴት ሙሾ ፈትሏን፣ ስፌቷን፣ ጠላዋን፣ ድግስ ሲሆን ቀድማ መድረሷን ይቆጥራል። ዘማች ከሆነ ጠመንጃው፣ ጋሻው፣ ልብሱ ለቅሶው መሀል ይወጣል፣ ፈረሱ ተጭኖ ይዞራል። መኳንንትና ነገሥታት በፈረስ ስማቸው ይነሣሉ፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው እንደተባሉት። በ1928 ዓ.ም. ማይጨው ሄዶ አስከሬኑ ያልተመለሰ ወታደርም የተለቀሰለት በልብሱና በመሣሪያው ላይ ነው። ሬሳ በሌለበት ሥራው ሬሳውን ተክቶ ይለቀስበታል።

አዳማጩም ዳኛ ነው። ለቀስተኛው ሟቹን ያውቀዋል፤ አብሮት አርሷል፣ ተበድሮታል፣ ድንበር ተጋፍቶታል። በሬ ያልነበረውን ሰው «ባለ ሦስት ጥማድ» ብላ ብታወርድ የሚቀበላት ያንሳል፣ ዋይታው ይቀዘቅዛል፤ ወዲያው ወደ ሌላ ግጥም መዝለል አለባት። ንፉግ የነበረውን ለጋስ አትለውም፤ ዝም ብላ ታልፈውና ጉልበቱን ወይም ዘሩን ታነሣለታለች። ስለዚህ ለአዋቂ የሚወርደው ሙሾ ልክ አለው፤ ልኩም እዚያ የቆመው ሰው ነው። «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» የሚለው አባባል መውቀስን ይከለክላል እንጂ የሌለ ነገር ፈጥራችሁ አወድሱ አይልም።

ልጅ ሲሞት ግን ይህ ሁሉ መያዣ ያጣል። ልጁ በሬ የለው፣ ዘመቻ አልሄደ፣ እንግዳ አልተቀበለ። ምስክርም የለውም። ሕፃን ወንድ ከሆነ በ40፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሣ ድረስ ከቤት ብዙ አይወጣም፤ ከዚያም በኋላ ቢሆን ዓይን እንዳይበላው ተሸፍኖ ነው የሚታዘለው። ጎረቤት የሚያውቀው የእናቱን ጀርባ ነው። ቀብሩም አጭር ነው፤ ቃሬዛ አያስፈልገውም፣ አንድ ሰው ታቅፎት ይሄዳል። ለአዋቂ ሬሳ እንደሚደረገው በየምዕራፉ እየቆሙ፣ ፍትሐቱን እያደረሱ፣ ሰባት ጊዜ እያረፉ መሄድ የለም። ድግሱ ያንሳል። ጎረቤት የሚያመጣው እዝን ለአንድ ሁለት ቀን ነው፤ ከዚያ «ሌላ ይተካልሽ» ተብሎ ሰው ወደ ሥራው ይመለሳል።

ታዲያ እናቲቱ ምን ታንሣለት? መልኩን። አሠራሩን ለማሳየት ያህል እንዲህ ብገጥመው፦

እርሻ አላረሰ፣ አልሄደ ገበያ፣
አንገቱ ብቻ ነው የልጄ መለያ።

አንገት የመጣው በከንቱ አይመስለኝም። በአገራችን የመልክ አቆጣጠር አንገት ትልቅ ቦታ አለው፤ «አንገተ ብርሌ» ይባላል፣ ሴቶች ይነቀሱታል፣ ድሪ ያስሩበታል። ሕፃን ደግሞ ከአንገቱ በላይ ምን ጌጥ አለው? ማተቡ እዚያ ነው፣ ክታቡ እዚያ ነው። ወንዱ ቁንጮ ብቻ ተትቶለት ዙሪያው ሲላጭ አንገቱ ብቻውን ወጥቶ ይታያል።

ሕመሙንም መርሳት አይገባም። የገጠር ሕፃን የሚሞተው በአብዛኛው በተቅማጥ፣ በሳንባ ምች፣ በኩፍኝ፣ በወባ ነበር። ተቅማጥ ሲበረታ ውኃው ያልቅበታል፣ ዓይኑ ይሰረጉዳል፣ ጉንጩ ይወድቃል፣ ትከሻው ይሟሽሻል፤ ማተቡ ላልቶ ደረቱ ላይ ይወርዳል። ያን ጊዜ አንገቱ እውነትም ረዝሞ ይታያል። እናት ለመጨረሻ ጊዜ ያየችው ያንን አንገት ነው። ኋላ «አንገቱ መለሎ ነበር» ስትል ዓይኗ ያየውን እየተናገረች እንጂ እየቀባጠረች አይደለም። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ ከስድስቱ አንዱ ማለት ነው። በ2008ቱ ጥናት ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። ተረቱ በወጣበት ዘመን ክትባትም ጤና ኬላም አልነበረም፤ ልጅ ያልቀበረች እናት ብርቅ ሳትሆን አትቀርም።

እኔ ከሁሉ የምይዘው ሐሳብ ግን ሌላ ነው። ተረቱ የተወለደው ለቅሶው ላይ ሳይሆን ከለቅሶው በኋላ፣ ከሟቹ ቀጥሎ በተወለደው ልጅ ፊት ነው ብዬ አምናለሁ። ስሞቻችንን እዩ። ምትኩ፣ ካሣ፣ ካሣሁን፣ ማስረሻ፣ መርሻ፣ ተካ፤ እነዚህ በብዙ ቤት ከሞት ቀጥሎ የመጣ ልጅ ስሞች ናቸው። ልጁ ገና ሲጠራ የቀደመው ሰው አብሮ ይጠራል። «ምትኩ» ባሉ ቁጥር የማን ምትክ መሆኑ ይታወሳል። ሐውልት በሌለበት፣ የሕፃን መቃብር ሁለት ክረምት ሳያልፍበት ከሣር ጋር እኩል በሚሆንበት አገር፣ ለሞተ ልጅ የቆመለት መታሰቢያ የወንድሙ ስም ነው።

እዚያ ቤት ምትኩ ጥጃ ሲያስጠባ፣ ገንቦ ሲሰብር፣ በግ ሲያስበላ፣ እናቱ ምን ትላለች? «ወንድምህ ቢኖር!» ትላለች። የሞተው ጥጃ አላስጠባም። ገንቦ አልሰበረም። ምትኩ አድጎ ቢለካ ቁመቱ ይታወቃል፤ የሞተው ግን በየዓመቱ በእናቱ ልብ ያድጋል። «ይኼኔ የእከሌን ልጅ ያክል ነበር፣ ይኼኔ ሞፈር ይጨብጥ ነበር» እየተባለ እኩዮቹ ባደጉ ቁጥር ይመዘዛል። እንግዲህ ከምትኩ ጎን ቆማ፣ ቁጣውን ለማብረድ ብላ «ተይ እንጂ፣ የሞተ ልጅ አንገቱ ረዥም ነው» የምትለው ሴት አያት ናት፣ ወይም ጎረቤት፤ እሷም ልጅ የቀበረች። ተረቱ በሕይወት ላለው ልጅ ጥብቅና ነው። ለእናቲቱም «አውቅልሻለሁ» የሚል ነው። ማስረጃ አምጣ ብትሉኝ የማሳየው ተረቱ ውስጥ ያለውን ሰው ነው፦ የሞተ ባል፣ የሞተ ጌታ፣ የሞተ ጎበዝ አላለም፤ የሞተ ልጅ ነው ያለው።

ወደ ከተማው እንምጣ። በትናንሽ ከተሞች ጥሩምባ ነፊው ማለዳ እየዞረ የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ሰዓትና ቤተ ክርስቲያኑን ይናገራል፣ እድርተኛው ድንኳን ይተክላል፤ ሙሾው ቀርቶ ከግብአተ መሬቱ በፊት የሕይወት ታሪክ ይነበባል። «ከአባታቸው ከእከሌ፣ ከእናታቸው ከእከሊት ተወለዱ፤ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ…» ብሎ ይነሣና «ደግ፣ ሩኅሩኅ፣ እንግዳ ተቀባይ ነበሩ» ላይ ያርፋል። ከሳምንት በፊት ለሌላው የተነበበውም ይኸው ነበር። «አጋነኑ» የሚለው ሐሜት የሚመጣውም ከዚህ ነው እንጂ ሰው ከልቡ ስላመሰገነ አይደለም። በሙሾው ጊዜ ጠያቂ ነበረች፣ አሁን ግን ሳይጠየቅ ይጻፋል።

የሚጽፍ ሰው የሙሾ አውራጇን ሥራ ይሥራ። ሦስት ሰው ይጠይቅ፦ አንድ የቤት ሰው፣ አንድ ጎረቤት፣ አንድ የሥራ ባልደረባ፤ ከእያንዳንዳቸው አንድ ያዩትን ነገር ይውሰድ። «እንግዳ ተቀባይ» ከማለት ለማን፣ መቼ፣ ምን እንዳደረጉ ይጻፍ። ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ ፀሐይ ላይ የቆመ ሰው ሁለተኛውን ገጽ አይሰማም። የዓመተ ምሕረቱ ነገር ደግሞ ሁልጊዜ ያደናግራል፤ ከፓስፖርት ላይ የተቀዳ የፈረንጅ ዘመን ከእኛው አቆጣጠር ጋር ሲደባለቅ ዕድሜው ሰባት ስምንት ዓመት ይዛነፋል፣ ሟቹም አባቱ ከሞቱ በኋላ የተወለዱ ሆነው ይነበባሉ። የክርስትና ስሙም አስቀድሞ ይያዝ፤ ካህኑ ለፍትሐት የሚፈልገው እሱን ነው፣ ብዙ ቤተሰብ ደግሞ የገዛ አባቱን የክርስትና ስም ሳያውቅ ደጀ ሰላም ደርሶ ይሯሯጣል። የሞቱ ልጆችም ይቆጠሩ። «አምስት ልጆች ወለዱ» ተብሎ በሕይወት ያሉት ሦስት ስም ብቻ ሲነበብ፣ ሁለቱን የቀበረችው ባልቴት ከፊት ተቀምጣ ትሰማለች።

ተረቱን ለሸጡት ላም፣ ለፈረሰ የእግር ኳስ ቡድን፣ ለተዘጋ ፋብሪካ፣ ትተውት ለሄዱት ሥራ መጠቀም ያስኬዳል፤ ያጡትን ነገር ከያዙት በላይ የሚያሳምር ሰው ሁሉ ይባልለታል። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ባለቤቱ ስለ ራሱ ሲለው ነው፤ «የሞተ ልጅ አንገቱ ረዥም ሆኖብኝ እንደሆነ እንጃ» ብሎ የሚጀምር ሰው የሚቀጥለውን በጥንቃቄ ይናገራል። ለቅሶ ላይ ላለ ሰው ግን አይባልም። ሟቹ አበድሮህ ካስጨነቀህ፣ ድንበርህን ገፍቶ ከሆነ፣ ለዚያ ሽማግሌ አለ፣ ካልሆነም ፍርድ ቤት አለ፤ የልጅ ሞት ያወጣውን ተረት ለዚያ ሒሳብ ማወራረጃ አታድርገው።