የግዛት ዕድገት ሥርዓት ምንድን ነው? ድሬን ካርታ ላይ ማብቀል

ታናሽ ወንድሜ የምሠራውን ጌም ካርታ አየና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። «ድሬ የታለች?» ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ቤታችን በረንዳ ላይ ነን። ጌሙ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1890 ነው። ሐረር አለች፣ የባሕር ወደቧ ዘይላ አለች፣ ጂልዴሳም አለች። ድሬ የለችም፤ ያኔ ከተማ አልነበረችማ! «እሺ፣ መቼ ትመጣለች?» አለኝ። መልስ አጣሁ።

የግዛት ዕድገት ሥርዓት ማለት ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው የጌሙ ክፍል ነው። በታሪካዊ የስትራቴጂ ጌም ካርታው በግዛቶች ይከፋፈላል። እያንዳንዱ ግዛት የራሱ ሕዝብ፣ ምርትና ግብር አለው። እነዚህ ቁጥሮች በምን ምክንያት፣ በምን ፍጥነት፣ እስከ ምን ድረስ ይጨምራሉ? መቼስ ይቀንሳሉ? ይህን የሚወስኑት ሕጎች ተደማምረው የዕድገት ሥርዓት ይባላሉ።

ቀላሉ መንገድ ለተጫዋቹ የሚጫነው ቁልፍ መስጠት ነው። «ዩሮፓ ዩኒቨርሳሊስ 4» የሚባለው የስትራቴጂ ጌም ላይ ግብር፣ ምርትና የሰው ኃይል የሚባሉ ሦስት ቁጥሮች አሉ። ተጫዋቹ ንጉሡ የሚያስገኝለትን ነጥብ እየከፈለ ያሳድጋቸዋል። ለጨዋታ ይመቻል፤ የምትወስነው ነገር ታገኛለህ። ግን ከተማ ንጉሥ ስላዘዘ ብቻ አያድግም። እኔን የሚስበኝ ዕድገቱ ከቦታው ከራሱ ሲመጣ ነው።

ለዚህ መነሻው ጣሪያ ነው። ግዛቱ ስንት ሰው መያዝ ይችላል? ውሃው፣ መሬቱና ገበያው ይወስናል። ጣሪያው 40,000፣ የዓመቱ ዕድገት ደግሞ 2 በመቶ ነው እንበል። ሕዝቡ 10,000 ሲሆን ሦስት አራተኛው ቦታ ገና ባዶ ነው። ስለዚህ 10,000ን በ2 በመቶ፣ እንደገና በ0.75 ታባዛለህ፤ በዓመት 150 ሰው ይጨምራል። ሕዝቡ 36,000 ሲደርስ የቀረው ቦታ አንድ አሥረኛ ነው። ያን ሁሉ ሰው ይዞ የሚጨምረው 72 ብቻ ይሆናል። ይህቺ ትንሽ ስሌት ትልቅ ችግር ታቃልላለች። እሷ ከሌለች ትልቁ ግዛት ማቆሚያ የለውም፤ ቀድሞ የመራ ተጫዋች እየመራ ይጨርሳል፣ ጨዋታውም በግማሽ ያልቃል።

ዋናው ጥያቄ ግን ጣሪያውን ምን ያነሳዋል የሚለው ነው። እዚህ ላይ ከአገራችን የተሻለ አስተማሪ አላገኘሁም። ሐረር በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ያሠሩት ግንብ፣ ዙሪያዋን ለም መሬት፣ ወደ ባሕር የሚወርድ የቅፍለት፣ ማለትም የግመል ነጋዴዎች፣ መንገድ ነበራት። ከጅቡቲ የሚመጣው ባቡርም መጀመሪያ የታሰበው ወደ እሷ እንዲገባ ነበር። ግን ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከታች ያለው ሜዳ 1,200 ገደማ ነው። ያን ተራራ በሐዲድ መውጣት ከባድ ነው፣ ገንዘብም ይበላል። ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 ሜዳው ላይ ደረሰ። እዚያው ከተማ ተቆረቆረች፤ መጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለች። ጣቢያው መጣ፣ የባቡሩ ጋራዥ መጣ፣ ሠራተኛና ነጋዴ ተከተለ። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። እስከዚያ ድሬ ብዙውን ጊዜ የመስመሩ ጫፍ ሆና ቆየች። ዕቃ ከፉርጎ ወርዶ በበቅሎና በግመል የሚጫነው እሷ ጋ ነበር።

ጂልዴሳን ብዙ ሰው ይረሳታል። የሐረርና የዘይላ ቅፍለት የሚያርፍባት ቦታ ነበረች። ሐዲዱ በሌላ በኩል ሲያልፍ ንግዷ ተሟጠጠ። ንግዷን ያሟጠጠው ወረራም ቃጠሎም አልነበረም። ግዛትን በጦርነት ብቻ የሚያሳንስ ጌም ጂልዴሳን በፍጹም ሊገልጻት አይችልም፤ ይህ በጣም ያሳስበኛል።

ስለዚህ ሁለት ሕግ ጨመርኩ። አንደኛው፣ ዕቃ ከአንድ መጓጓዣ ወደ ሌላ የሚተላለፍበት ግዛት ጣሪያው ይነሳል። ሁለተኛው፣ መንገዱ ሲዞር ጣሪያው ይወርዳል፣ የተረፈው ሰውም በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እያለ ሥራ ወዳለበት ግዛት ይሄዳል። ድሬ የምትባል ከተማ ኮዱ ውስጥ አልጻፍኩም። ተራራ፣ ሐዲድ፣ ውሃና የባቡር ኩባንያው ገንዘብ ብቻ ነው ያለው።

ባለፈው ሳምንት አሥር ጊዜ አስኬድነው። ሰባቱ ላይ ከተማዋ ከተራራው ሥር በቀለች። ሁለቱ ላይ ተጫዋቹ ብዙ ከፍሎ ሐዲዱን ሐረር አስገባው። በአንዱ ግን የኩባንያው ገንዘብ ቀድሞ አለቀና ሐዲዱ ድሬ ሳይደርስ አይሻ በረሃው ላይ ቆመ። እዚያም ከተማ በቀለች። ሰው መጣ፣ ገበያ ቆመ፣ 6,000 ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። ወንድሜ ለምን እንደቆመ ሊያይ ግዛቱን ከፈተው። የውሃው ቁጥር ቀይ ሆኗል።