«በረኪና ድፋበት»፦ አሮጌ የለስላሳ ማሽን ስናጸዳ የሰማናቸው ምክሮችና እውነታው

አጎቴ ደብረ ብርሃን ውስጥ ትንሽ ሆቴል አለው። ባለፈው መስከረም ከመርካቶ ምናለሽ ተራ አንድ ጉድ ገዝቶ መጣ። ሳንቲም ሲበላ ለስላሳ የሚሰጥ የድሮ የአሜሪካ ማሽን ነው። ቀይ ነበር ይባላል፤ እኛ ስናየው ግን መልኩ አቧራና ቅባት ብቻ ነበር። በጎኑ ጠባብ የመስታወት በር አለችው። እሷን ከፍተህ ጠርሙሱን በአንገቱ ስበህ ታወጣለህ። 130 ኪሎ ሜትሩን በአይሱዙ ላይ ተኝቶ ነው የመጣው።

ገና ከመኪናው ሳይወርድ መካሪው በዛ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ በአንድ ቀን የማሽን አዋቂ ሆነ። አንዳንዱን ምክር ሰምተን ተጸጸትን። ከአንዳንዱ ደግሞ እግዜር አተረፈን።

«መጀመሪያ ሰክተን እንየው፤ ካልሠራ ምን ያለፋናል?»

ይህን ያለው አጎቴ ራሱ ነው። የደረስኩት ስፒናውን ይዞ ወደ ሶኬቱ ሲሄድ ነው። ከማሽኑ ጀርባ የተለጠፈችውን ቆርቆሮ በጨርቅ ስንወለውላት «115 ቮልት፣ 60 ኸርዝ» ትላለች። የእኛ አገር መብራት 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ቢሰካው ኖሮ ኮምፕሬሰሩ፣ ማለትም የማቀዝቀዣውን ጋዝ የሚገፋው ሞተር፣ አልቆለት ነበር።

«ታዲያ ትራንስፎርመር ይገዛል» ትሉ ይሆናል። ልክ ነው፤ ግን ሁለት ጣጣ አለው። ኮምፕሬሰር ሲነሳ ሥራ ላይ ሆኖ ከሚስበው ብዙ እጥፍ መብራት ይስባል። ስለዚህ ለሬዲዮ የሚሸጠው ትንሹ ትራንስፎርመር አይችለውም። ሁለተኛው ጣጣ፣ ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይቀይርም። ለ60 ኸርዝ የተሠራ ሞተር በ50 ሲሄድ ፍጥነቱ አንድ ስድስተኛ ያህል ይቀንሳል፤ ይግላልም። ይህን ለይቶ የሚያውቅ የፍሪጅ ባለሙያ መጥራት ይሻላል።

የአተኛኘቱም ነገር አለ። ማሽኑ ሲጋደም የኮምፕሬሰሩ ዘይት ወደ ቧንቧው ሊፈስ ይችላል። ወዲያው ካስነሳኸው ያለ ዘይት ይፈጫል። አቁሞ አንድ ቀን ማሳደር ነው። የድሮ ገመድ ደግሞ ጎማው እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል። የእኛን እጥፍ ስናደርገው ሽቦው ብቅ አለ። የተላጠ ሽቦ፣ እርጥብ እጅና የብረት ሣጥን አንድ ላይ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን መንገር አያስፈልግም። ገመዱ እስኪቀየር ድረስ ስፒናውን በፌስታል ጠቅልለን አሰርነው። አጎቴ እጁ አያርፍም።

«ላቫጆ ይወሰድና በጎማ ይለቅለቅ»

ማሽኑ መኪና አይደለም። በውጭኛውና በውስጠኛው ቆርቆሮ መካከል ቅዝቃዜውን የሚይዝ ነገር ተጠቅጥቆበታል። በድሮዎቹ ውስጥ ብዙ ጊዜ ጥጥ የመሰለ የመስታወት ክር ነው። ውኃ ከገባበት እንደ ስፖንጅ ይዞ ይቀራል። ቆርቆሮው ከውስጥ ይዝጋል፤ አንተ የምታየው ከወራት በኋላ ቀለሙ ሲያብጥ ነው። ደግሞስ በደብረ ብርሃን መች ሊደርቅ! እዚህ እኮ የታጠበ ጋቢ ለመድረቅ ቀናት ይፈጃል።

እኛ የሠራንበት አንድ ባልዲ ለብ ያለ ውኃ፣ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙናና የአሮጌ ቲሸርት ቁራጭ ነው። ጨርቁን እስኪበቃው መጭመቅ፣ ማበስ፣ ከዚያ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ማድረቅ። ሦስት ቀን ፈጀብን። የመስታወቱ ክር የወጣበት ቦታ ካለ በባዶ እጅ አትንኩት፤ ክፉኛ ያሳክካል።

«በረኪና ድፋበት። ካልለቀቀ ኮምጣጤ ጨምርበት»

የአስተናጋጁ ምክር ነው። አንዱ ካጸዳ ሁለቱ እጥፍ ያጸዳሉ ብሎ አሰበ። በረኪናና ኮምጣጤ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ሳንባ የሚያቃጥል መርዝ ነው። በረኪና አሞኒያ ካለበት የመስታወት መወልወያ ጋር ሲቀላቀልም ሌላ መርዝ ይፈጠራል። የማሽኑ ሆድ ደግሞ ጠባብ ነው፤ ጭንቅላትህን አስገብተህ ነው የምትፈትገው። ለብቻውም ቢሆን በረኪና አሉሚኒየሙንና ዚንክ የተቀባውን ቆርቆሮ ይበላዋል።

ከሁሉ የሚገርመው አለማስፈለጉ ነው። ሆዱ ውስጥ የተጋገረው ጥቁር ዝቃጭ ምን መሰላችሁ? ስኳር ነው። የፈነዳ ጠርሙስ፣ የፈሰሰ ለስላሳ፣ በላዩ ላይ አቧራ። ስኳር ደግሞ ውኃ ያሟሟዋል። በለብ ያለ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ሩብ ሰዓት አስተኝተንበት ስናነሳው እንደ ቅጠል ተላጠ። ለሽታው ቤኪንግ ሶዳ በውኃ በጥብጠን አበስነው፤ በሩንም ለሳምንት ክፍት ተውነው። የተዘጋ እርጥብ ማሽን በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደገና ይሻግታል።

«ድስት በአመድ ነው የሚጠራው»

የሆቴሉ ወጥ ሠሪ እትዬ ናቸው ይህን ያሉት። ስለ ድስት እውነታቸውን ነው። ቀለምን ግን አመድም፣ አሸዋም፣ የዕቃ ማጠቢያ ሽቦም ይቧጭራሉ። ከሽቦው የሚረግፈው ብናኝ ደግሞ ራሱ ይዝጋል፤ ያጸዳኸው ቦታ በሳምንቱ ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል። ይህንን ከታችኛው ጥግ ላይ ሞክረን ነው ያወቅነው። የሞከርነው እኔ ነኝ፤ አጎቴ እስካሁን አልሰማም።

ከጭረቱ የሚከፋ ነገርም አለ። የዚያን ዘመን ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። የብረቱን እርሳስ ማለቴ ነው፣ የምንጽፍበትን አይደለም። በብርጭቆ ወረቀት ደረቁን ስትፈትገው ብናኙ ይተነፈሳል፤ በተለይ ሕፃናትን ይጎዳል። የግድ መፈተግ ካለበት በውኃ እያረጠቡ፣ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ፣ ልጆችን አርቆ ነው።

ማሽኑ ላይ የታተሙትን ፊደሎች በአረቄ እናብሳቸው ያለም ነበር። የደብረ ብርሃን ሰው ሁሉን ነገር አረቄ ያድነዋል ብሎ ያምናል። አልኮልም ቲነርም የታተመ ጽሑፍ ሊያነሱ ይችላሉ። በሳሙና አበስነው። አረቄው ሌላ ጥቅም ላይ ዋለ።

«ዝገቱን ኮካ ኮላ ያወጣዋል»

ግማሽ እውነት ነው። ኮካ ውስጥ ፎስፎሪክ አሲድ አለ፤ ቀለል ያለ ዝገት ያላቅቃል። ግን ስኳሩን እዚያው ጥሎልህ ይሄዳል። ደግሞ የዚህ ማሽን ሆድ ለዓመታት ለስላሳ ሲፈስበት ኖሯል። ዝገት የሚያጠፋ ቢሆን ኖሮ እንደ መስታወት ያበራ ነበር። ይባስ ብሎ ዋናው ዝገት ያለው ለስላሳው በተጠራቀመበት ወለሉ ላይ ነው።

ለክሮሙ እጀታ የምግብ መጠቅለያ ፎይል ጭብጥ አድርጎ፣ በውኃ ነክሮ ማሸት ይበቃል። በጣም ይገርማል። የወለሉን ዝገት ፍቀን አንቲረስት ቀባነው።

«ሳንቲም መዋጫውን ዘይት አጠጣው»

በፍጹም። ዘይት አቧራ ይሰበስብና ሊጥ ይሆናል። ሳንቲሙ የሚለየው በመጠኑና በክብደቱ ነው፤ መንገዱ መድረቅ አለበት። በለስላሳ ብሩሽ ጠርጎ በአልኮል ማበስ ነው። የእኛን ብር አልበላም አለ፤ ያ የጽዳት ጉዳይ አይደለም።

«አያቀዘቅዝም ካለ ጋዙ አልቋል፤ ልቀቀውና ሌላ ሙላ»

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ጋዙ ላይ ሳይሆን ከኋላ ወይም ከታች ያለው ኮንደንሰር ላይ ነው። በአቧራ ሲደፈን ሙቀቱን መጣል ያቅተዋል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትርን ያልፋል፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ከቆላው ያነሰ ሙቀት ነው የሚያነሳው። የተደፈነ ኮንደንሰር እዚህ ይብስበታል። የኮንደንሰሩን ስስ የብረት ቅጠሎች ሳያጣምሙ፣ አቅጣጫቸውን ተከትሎ በለስላሳ ብሩሽ መጥረግ ነው።

ጋዙን አየር ላይ መልቀቅ ግን ነውር ነው። የድሮዎቹ ብዙዎች አር 12 የሚባለውን ይይዛሉ። ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚከልለንን የኦዞን ሽፋን ከሚያሳሱት አንዱ ነው። በፈረንጆቹ 1987 በሞንትሪያል የተፈረመው ስምምነት እንዲቀር ያደረገውም እሱንና መሰሎቹን ነው።

«ሙሉ በሙሉ ይቀባና አዲስ ይምሰል»

ቀቢው ዋጋ ሁሉ ነግሮን ነበር። እኔ እምቢ አልኩ። ከአቧራው ሥር የወጣው ቀይ ደብዝዟል፣ እጀታው አካባቢ ተበልቷል። ግን የፋብሪካው ቀለም ነው፤ ፊደሎቹም በቦታቸው አሉ። እሱን ከሸፈንከው መመለሻ የለውም። የመኪና ሰም ቀባንና ተውነው። አጎቴ አሁንም ያጉረመርማል።

«ለደብረ ብርሃን ብርድ ማቀዝቀዣ ምን ያደርጋል?»

ይህኛው ተሳስቷል ልል ነበር። ቀን ቀን በሆቴሉ ውስጥ፣ ከምድጃው አጠገብ፣ ለስላሳው ለብ ይላል። ግን የሚሆን ትራንስፎርመር እስካሁን አላገኘንም። ማሽኑም በረንዳው ላይ ሳይሰካ ቆሟል። አጎቴ ማታ ጠርሙሶቹን ደርድሮበት፣ በሩን ገርበብ አድርጎ ይተኛል። የታኅሣሥ ውርጭ ሥራውን ሠርቶ ያድራል። ጠዋት ደንበኛ ሲመጣ በጠባቧ በር ስቦ ይሰጠዋል። «ያቀዘቅዛል አላልኩም?» ይለኛል።