"ኤር ፍሎ ሴንሰሩ ነው" ከመባሉ በፊት

የቼክ ኢንጅን መብራት በራ፣ ስካነር ተሰካ፣ የብልሽት ኮድ ወጣ፣ "ኤር ፍሎ ሴንሰሩ ሞቷል" ተባለ። ከዚያ ቀጥታ ወደ መኪና ዕቃ መሸጫው፣ ሶማሌ ተራ። እኔም እንዲሁ አድርጌ ገንዘቤን በትኜ አውቃለሁ።

ሴንሰሩ ከአየር ፊልትሮው ቀጥሎ ቱቦው ላይ የሚሰካ ትንሽ ዕቃ ነው። ውስጡ በኤሌክትሪክ የሚግል ቀጭን ሽቦ አለ። የሚያልፈው አየር ሽቦውን ያቀዘቅዘዋል። ግለቱን ለመመለስ በሚያስፈልገው ኤሌክትሪክ መጠን የሞተሩ ኮምፒውተር ስንት ግራም አየር እንደገባ ያሰላል፤ ነዳጁንም በዚያ ይመጥናል።

"ኮዱ ከወጣ ሴንሰሩ ተበላሽቷል"

የብዙ ሰው ኪስ የሚራቆተው እዚህ ላይ ነው። ፒ0102 የሚለው ከሴንሰሩ የሚመጣው ምልክት ከልክ በታች መውረዱን ብቻ ነው። የላላ ሶኬት ወይም የተበጠሰ ገመድም ያንኑ ኮድ ያወጣል። ፒ0171 ደግሞ የሴንሰሩን ስም ጭራሽ አያነሳም፤ "አየር በዝቷል፣ ነዳጅ አንሷል" ነው የሚለው።

የኔ ኮሮላ ያወጣችው ይህንኑ ነበር። አዲስ ሴንሰር ገዛሁ፤ መብራቱ በሦስተኛው ቀን ተመልሶ በራ። በመጨረሻ አንድ አዛውንት መካኒክ ከሴንሰሩ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ጎማ ቱቦ በሁለት እጃቸው ሳብ አደረጉት። እጥፋቱ መሃል ስንጥቅ ተከፈተ። ሲለቁት ጠፋ። ሴንሰሩ ያልቆጠረው አየር በዚያ እየገባ ነበር።

ስካነር ካላችሁ ፊውል ትሪም የሚለውን እዩ፤ ኮምፒውተሩ ስንት በመቶ ነዳጅ እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ ያሳያል። በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ሲሠራ) 20 በመቶ ጨምሮ፣ ሞተሩ በደቂቃ ወደ 2,500 ዙር ሲወጣ ወደ ዜሮ ከቀረበ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ፈልጉ። በሚኒሞ ደህና ሆኖ የእንጦጦን ዳገት ስትወጡ የሚጨምር ከሆነ ግን ሴንሰሩ ቆሽሿል፣ ወይም የነዳጅ ፓምፑ ደክሟል።

"ሶኬቱን ነቅለህ ከተሻላት ሴንሰሩ ሞቷል"

ግማሹ እውነት ነው። ሲነቀል ኮምፒውተሩ በራሱ ግምት ይሠራል፤ መኪናዋ ከተሻላት ሴንሰሩ ይጠረጠራል። ግን ነቅለው ሲሞክሯት ድርግም የምትልም መኪና አለች። ቴስተር አውጡና መጀመሪያ ሶኬቱ ላይ 12 ቮልትና ማሳ (ኔጋቲቭ) መኖሩን አረጋግጡ። ከዚያ የምልክቱን ገመድ ለኩ። ብዙ ቶዮታዎች ላይ በሚኒሞ 1 ቮልት አካባቢ ነው፤ ነዳጅ ሲሰጣት ሳይቆራረጥ መውጣት አለበት። ሞተሩ እየሠራ ሴንሰሩን በካቻቢቴ እጀታ ቀስ ብላችሁ ነካ ነካ አድርጉት። ሞተሩ ከተንተባተበ ውስጡ የላላ ነገር አለ።

"በቤንዚን ይታጠባል፣ በኮምፕረሰር ይነፋል"

ኧረ በፍጹም! የካርቡራቶር ማጽጃም አይሆንም። የኮምፕረሰር ግፊትም ሆነ የጆሮ ማጽጃ ጥጥ ሽቦውን ሊበጥሰው ይችላል። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ስፕሬይ አለ። ሞተሩን አጥፍታችሁ፣ ሴንሰሩን ፈትታችሁ እሱን እርጩበት፣ በደንብ ይድረቅ፣ መልሳችሁ ግጠሙ።

"ንባቡ ኢንተርኔት ላይ ካለው ካነሰ አበቃለት"

ይሄ እኛ ላይ ይብሳል። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ከባህር ዳርቻው በሩብ ገደማ ይሳሳል። 100 ፈረስ ጉልበት ያላት መኪና ባህር ዳርቻ ላይ ሙሉ ነዳጅ ስትሰጧት በሴኮንድ 80 ግራም ያህል ብትስብ፣ እዚህ 60 መሆኑ ጤናዋ ነው። በሚኒሞ ግን ብዙ ልዩነት አትጠብቁ። 1.5 ሊትር ሞተር ሞቆ፣ ኤሲ ጠፍቶ፣ በሴኮንድ ከ2 ግራም ብዙ አይርቅም።

"ሁሉም መኪና አለው"

የለውም። ካርቡራቶር ያላት አሮጌ ቶዮታ ዲኤክስ ከየት ታመጣለች? ብዙ ትናንሽ መኪኖችም በምትኩ የአየር ግፊት የሚለካ ሴንሰር ነው ያላቸው።

"ርካሽ አዲስ ከአሮጌ ኦርጅናል ይሻላል"

አንዳንዱ ኮፒ ልኬቱ ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር አይገጥምም፤ ልክ ያልሆነ ቁጥር ይልክና ነዳጁን ያዛባዋል። እኔ ቱቦው ከተቀየረ በኋላ አሮጌውን አጽድቼ መለስኩት። መብራቱ አልበራም። አዲሱ ከነካርቶኑ ቤት መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል፤ ሻጩ "የተገጠመ አንመልስም" አለኝ።