መዝሙር 106፥12 ምን ይላል? ምንስ አይልም?

«በቃሉ አመኑ፤ ምስጋናውንም ዘመሩ።» ይህች ጥቅስ በአምልኮ ምሽት ማስታወቂያ ላይ አለች፣ በቲሸርት ጀርባ አለች፣ በቴሌግራም ቻናል መግቢያ ላይም አለች። ይህን ሁሉ ችዬ ነበር። አንድ አስተማሪ ግን ጥቅሷን ይዞ «ያመነ ይዘምራል፣ ያልዘመረ አላመነም፤ ባሕሩን የሚከፍለው ዝማሬያችሁ ነው» ሲል ብዙ ሰው «አሜን» አለው።

ወንድሜ፣ ባሕሩ የተከፈለው ቁጥር 9 ላይ ነው፤ የተዘመረው ቁጥር 12 ላይ። በመካከሉ ሕዝቡ ተሻግሯል፣ ውኃውም ጠላቶቹን ከድኗል። ከዚያም በፊት ቁጥር 7 በባሕሩ ዳር ዐመፁ ይላል፤ ቁጥር 8 ደግሞ እግዚአብሔር ያዳናቸው ስለ ስሙ እንደሆነ ይናገራል። ዘጸአት 14ን አንብቡት፤ ባሕሩ ከመከፈሉ በፊት ከሕዝቡ አፍ የወጣው «በግብፅ መቃብር ጠፍቶ ነው ወይ በምድረ በዳ እንድንሞት ያመጣኸን?» የሚል ምሬት ነበር። ያመኑትና የዘመሩት የዳኑ ሰዎች ናቸው።

(የግእዙን ዳዊት የምትደግሙ 105ኛው ላይ ፈልጉት። ግእዙ በሚከተለው በሰባ ሊቃናት (በጥንቱ የግሪክ ትርጉም) ቆጠራ 9ኛውና 10ኛው አንድ መዝሙር ስለሆኑ ነው እንጂ መዝሙሩ ያው ነው።)

ጥቅሷን ለብቻዋ የሚቆርጣት ሰው በየትኛው ዓይነት መዝሙር ውስጥ እንዳለች ልብ አላለም። 106ኛው የኑዛዜ መዝሙር ነው። ቁጥር 6 «ከአባቶቻችን ጋር ኃጢአት ሠራን» ብሎ ይጀምርና በደሉን አንድ በአንድ ይቆጥራል። ቁጥር 12 የምትገኘው እዚያው ዝርዝር መካከል ነው። ወዲያው ቁጥር 13 ፈጥነው ሥራውን ረሱ፣ ምክሩንም አልጠበቁም ይላል። «ፈጥነው» የተባለው ለማጋነን አይደለም። ዘጸአት 15 ላይ ከዝማሬው በኋላ ሦስት ቀን ውኃ አጥተው ሄዱ፤ ማራ ሲደርሱ ውኃው መራራ ሆነና አጉረመረሙ።

ዕቁብ የጣለ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። ዕጣ የወጣለት ሰው በዚያ ቀን ዳኛውን ይመርቃል፣ ጸሐፊውን ያመሰግናል፣ «እንዲህ ያለ ዕቁብ ከየት ይገኛል!» ይላል። ምስጋናው የውሸት አይደለም። ዳኛው ግን ያለ ዋስ ብሩን አይሰጠውም፤ የዛሬው ምርቃት የሚቀጥሉትን ሳምንታት መዋጮ አይከፍልማ። ቁጥር 12 ዕጣ የወጣለትን ሰው ያሳየናል፤ ከ13 በኋላ መጣሉን ሲያቋርጥ እናየዋለን። ዋሱን ከፈለጋችሁ ቁጥር 23 ላይ ሙሴ በመቅሠፍቱና በሕዝቡ መካከል ቆሟል። ምሳሌዬ ግን እዚህ ላይ ያነክሳል፦ ዕቁብተኛ የሚወስደው የራሱም ገንዘብ ያለበትን ነው፤ ባሕሩ ዳር ያዋጣ ማንም አልነበረም።

ዘማሪው ይህን ሁሉ ሆን ብሎ ነው የደረደረው። ቁጥር 12 በቃሉ አመኑ ይላል፤ ቁጥር 24 ላይ፣ የተስፋይቱን ምድር በናቁ ጊዜ፣ በቃሉ አላመኑም። ጎን ለጎን ያሉትን ሁለት መዝሙራትም አስተያዩ። 105ኛው ያንኑ ታሪክ በደሉን ሳያነሣ ይተርካል፤ ድርጭት ለመኑ፣ ሰጣቸው። 106ኛው ያንኑ ምግብ በምኞት ጠየቁ፣ ሰጣቸው፣ ለነፍሳቸውም ክሳት ላከ ይላል። ሁለቱን ሳያነብ በአንዷ ቁጥር የሚሰብክ ሰው ይገርመኛል።

«እንግዲያው ዝማሬያቸው ከንቱ ነበር» የሚልም ይመጣል። እሱም አይደለም። መዝሙሩ አስመሰሉ አይልም፤ አመኑ ነው የሚለው። ዕብራውያን 11፥29ም በእምነት ተሻገሩ ብሎ ይቆጥርላቸዋል። በግእዙ ዳዊት ከመዝሙሮቹ ቀጥሎ ያለው የነቢያት ጸሎት የሚከፈተውም በዚያው የባሕር ዳር ዝማሬ ነው፦ «ንሴብሖ ለእግዚአብሔር»። የዘመሩት እውነት ነበር፤ ችግሩ በሦስተኛው ቀን መረሳቱ ነው።

ምስጋና በመዝሙሩ መጨረሻ እንደገና ይመጣል፣ አሁን ግን በልመና መልክ፦ ቁጥር 47 ከአሕዛብ መካከል ሰብስበን፣ ስምህን እንድናመሰግን ይላል። ከዚህ የተነሣ ብዙዎች መዝሙሩን ከምርኮ ዘመን ጋር ያያይዙታል፤ 1 ዜና መዋዕል 16 ደግሞ እነዚህኑ ስንኞች በዳዊት ዘመን ታቦቱ በገባበት ቀን ያስቀምጣቸዋል። ክርክሩን ለሌላ ጊዜ ልተወው። ለጉዳያችን የሚበቃን፣ የሚለምኑት ሰዎች ገና ያልተሰበሰቡ መሆናቸው ነው።

ገና ምንም ሳይታይ ስለሚዘመር ምስጋና ማስተማር የፈለገ ዕንባቆም 3፥17-18 አለለት። በለሱ አላፈራም፣ ወይኑ ባዶ ነው፣ በበረቱ ከብት የለም፤ ነቢዩ ግን በእግዚአብሔር ደስ ይለኛል ይላል። ለቲሸርት ግን ትንሽ ይረዝማል።