ቀሪውን እግር መንከባከብ፦ እግራቸው ለተቆረጠ ሰዎች የሚሰጠው ትምህርት

እግሩ የተቆረጠ ሰው ሰው ሠራሽ እግር ሲገጠምለት ነገሩ ያለቀ ይመስላል። ገና መጀመሩ ነው። አዲሱ እግር የሚቆመው በቀረው አካል ላይ ነው። የዚያ ቦታ ቆዳ ደግሞ የሰውነት ክብደት ተሸክሞ አያውቅም። ስለዚህ ባለቤቱ ቀሪ እግሩን ማጠብ፣ መመርመር፣ መጠቅለልና ማሳረፍ ይማራል።

በአገራችን መናገሻ የሚገኘው ቼሻየር የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ከ1962 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በፖሊዮ የተጎዱ ልጆችን ሲረዳ ቆይቷል። ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ የአካል ተሃድሶ ፕሮግራሙን የጀመረው በ1979 (እ.ኤ.አ.) ነው። በ1983 ደግሞ ለአካል ጉዳተኞች ልዩ ፈንድ አቋቋመ። ፈንዱ አዲስ አበባ ላይ ከብዙ የአፍሪካ አገሮች የመጡ ቴክኒሻኖችን ፖሊፕሮፕሊን ከተባለ ፕላስቲክ የሚሠራ እግር አሠራር አሠልጥኗል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ ብዙም አልተወራለትም። በመቀሌ፣ በደሴ ቦሩ ሜዳ፣ በባሕር ዳር፣ በአርባ ምንጭ፣ በአሰላና በነቀምትም ማዕከላት አሉ።

ወደ ማዕከላቱ የሚመጡት በጦርነት፣ በፈንጂ፣ በመኪና አደጋና በስኳር በሽታ እግራቸውን ያጡ ናቸው። የተሰበረ አጥንት በወጌሻ ጠብቆ ታስሮ እግራቸው የሞተባቸው ልጆችም አሉ። ወጌሻዎችን በጅምላ መውቀስ አይገባም፤ ብዙ ስብራት ጠግነዋል ይባላል። ችግሩ ግን እውነት ነው፤ ሐኪሞች ደጋግመው ጽፈውበታል።

የመጀመሪያው ትምህርት ፋሻ ነው። የሚለጠጥ ፋሻ እብጠቱን ቀንሶ ለእግሩ ቅርጽ ያስይዛል። ፊዚዮቴራፒስቷ ጠቅልላ አትሄድም። ጠቅልላ ታሳያለች፣ ትፈታለች፣ ከዚያ ፋሻውን ለታካሚው ትሰጣለች። «አባባ፣ አሁን እርስዎ ይሞክሩ» ትላለች። ፋሻው በ8 ቁጥር ቅርጽ አግድም እየተሻገረ ይወጣል። ጫፉ ላይ ጠበቅ፣ ወደ ላይ ላላ ይላል። ዙሪያውን እንደ ቀለበት ከተጠቀለለ ደም ያግዳል። በማሰሪያ እግሩን ላጣ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ፋሻውን ይፈራዋል። ስለዚህ ቢደነዝዝ ወይም ቢጠዘጥዝ ወዲያው እንዲፈታው ይነገረዋል። ደህና ከሆነም በቀን ውስጥ ብዙ ጊዜ ፈቶ እንደገና ይጠቀልለዋል።

አተኛኘትም ትምህርት አለው። ትራስ ከጉልበት ሥር ማድረግ ምቾት ይሰጣል፤ ግን ጉልበቱና ዳሌው እንደታጠፉ ይቀራሉ። ያኔ እግር መግጠም ይከብዳል። መድኃኒቱ በቀን ሁለት ሦስቴ ለ20 ወይም ለ30 ደቂቃ በሆድ መተኛት ነው።

ማጠቢያው ማታ ነው፤ ለብ ባለ ውኃና ለስላሳ ሳሙና። ጠዋት የታጠበ ቆዳ እርጥበቱ ሳይለቅ ሰው ሠራሹ እግር ውስጥ ከገባ ይላጣል። አልኮልና አረቄ ቆዳውን ያደርቁታል። ቅቤና ቫዝሊንም እግር ከማጥለቅ በፊት አይቀቡም፤ ቆዳውን ያለሰልሱታል። ፀጉሩም አይላጭም። ከታጠበ በኋላ ምርመራ ነው። መስታወት ያለው ከታች በመስታወት ያያል። የሌለው ልጁን ጠርቶ «እስቲ እየው» ይላል፣ በእጁም ዳብሶ ትኩስ ቦታ ይፈልጋል። ሰው ሠራሹ እግር ሲወልቅ የታየ መቅላት በ10 ደቂቃ ገደማ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ ወይም ቆዳው ከቆሰለ እግሩ አይጠለቅም፤ ወደ ማዕከሉ ይኬዳል።

የሌለው እግር ሲያምም ብዙዎች ለሰው መናገር ያፍራሉ። ያበድኩ ይመስላቸዋል። ሕመሙ ግን እውነተኛ ነው፤ ከነርቭና ከአንጎል የሚመጣ። ማሻሸት፣ መታ መታ ማድረግና በልዩ ልዩ ጨርቅ መዳሰስ የሚያስታግሳቸው አሉ። ደህነኛውን እግር በመስታወት እያዩ ማንቀሳቀስም ይሞከራል፤ ሁሉን ሰው ግን እኩል አይረዳም።

ቀሪው እግር ላይ የሚጠለቀው ካልሲ ትንሽ ነገር ይመስላል። ክረምት ላይ አይደርቅም፤ እርጥቡን መልበስ ደግሞ ቁስል ይጋብዛል። ስለዚህ ቅያሪ የግድ ነው። የተጨማደደ ካልሲም እንደ ጠጠር ነው። ቀሪው እግር በወራት ውስጥ እየከሳ ሲሄድ በሰው ሠራሹ እግር ውስጥ ያለው ባዶ ቦታ እየሰፋ ቀሪው እግር ወደ ታች ይሰምጣል፤ ጫፉ ያማል። ያኔ አንድ ካልሲ ይጨመራል። የካልሲው ብዛት እየበዛ ከሄደ እግሩ የሚገባበት ሶኬት ሰፍቷል ማለት ነው። ያን ጊዜ ለአዲስ ልኬት ወደ ማዕከሉ መመለስ ያስፈልጋል።