ሙቀት የማይበግረው ወንፊት፦ የፒቢአይ ሜምብሬን እና የፈቃድ ውሉ

አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው፣ አንዱን ነገር ከሌላው መለየት ምን ያህል እሳት እንደሚበላ ያውቃል። ድፍድፉ እስኪፈላ እንጨት ይማገዳል። እንፋሎቱ ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ ጠብ ጠብ ይላል። ትልልቆቹ የኬሚካልና የነዳጅ ፋብሪካዎችም ቀን ከሌት የሚሠሩት ይህንኑ ነው። ጆርጂያ ቴክ በተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ2016 ባወጡት ግምት (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፣ እንዲህ ያለው የመለየት ሥራ ከዓለም የኃይል ፍጆታ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነውን ይወስዳል።

ሜምብሬን ሌላ መንገድ ነው። ማፍላት የለበትም። ስስ የፕላስቲክ ሽፋን በአንድ በኩል ድብልቁን ይቀበላል፤ ግፊት ሲደረግበት አንዱን አሳልፎ ሌላውን ያስቀራል። ጠላ ከማጥለል ጋር ይመሳሰላል፤ እዚህ ግን የሚጠለለው ሞለኪውል ነው። ለምሳሌ የሃይድሮጅን ሞለኪውል ስፋት 0.289 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው) ነው፤ የካርቦን ዳይኦክሳይድ 0.33 ናኖሜትር። ወንፊቱ መለየት ያለበት በዚህች ኢምንት ልዩነት ነው።

ችግሩ ሙቀት ነው። የድንጋይ ከሰል ወይም የተፈጥሮ ጋዝ ወደ ሃይድሮጅን ሲቀየር፣ ሃይድሮጅኑና ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከ200 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሞቀው ተቀላቅለው ይወጣሉ። አብዛኛው ፕላስቲክ እዚያ ሙቀት ላይ ይለሰልሳል፣ ወንፊትነቱም ያበቃል። ስለዚህ ጋዙ መጀመሪያ ይቀዘቅዛል፣ በፈሳሽ ኬሚካል ይታጠባል፣ ከዚያ ለሚቀጥለው ሥራ እንደገና ይሞቃል። በዚህ መመላለስ የሚባክነው ኃይል ብዙ ነው። ሙቀት ቻይ ሜምብሬን የሚፈለገው ለዚህ ነው።

ከእጩዎቹ ሁሉ ታሪኩ ደስ የሚለኝ ፖሊቤንዚሚዳዞል የተባለው ፕላስቲክ ነው። ባጭሩ ፒቢአይ ይሉታል። ኸርዋርድ ቮገልና ካርል ማርቭል በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ሠርተው በ1961 አሳወቁት። ያኔ ስለ ጋዝ ማጣራት ያሰበ አልነበረም። ጃንዋሪ 27 ቀን 1967 የአፖሎ 1 መንኮራኩር መሬት ላይ እያለ በእሳት ተያያዘ፤ ሦስት ጠፈርተኞች ሞቱ። ከዚያ በኋላ የማይቀጣጠል ጨርቅ ፍለጋው በረታ። ፒቢአይ ደግሞ አየር ላይ አይነድም። አይቀልጥምም። መለስለስ የሚጀምረው እንኳ ከ400 ዲግሪ በላይ ነው። ሴላኒዝ የተባለው ኩባንያ በ1983 በሳውዝ ካሮላይና ፋብሪካ ከፍቶ ፋይበሩን ለገበያ አቀረበው። ዛሬ በብዙ አገር የእሳት አደጋ ሠራተኞች የሚለብሱት ካፖርት ውስጥ አለ።

ወደ ጋዝ ማጣሪያነት ያመጡት የአሜሪካው የሎስ አላሞስ ብሔራዊ ቤተ ሙከራና ኤስአርአይ ኢንተርናሽናል የተባለው የምርምር ድርጅት ናቸው፤ ገንዘቡ ከአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት ነበር። የፒቢአይ ሞለኪውሎች እንደ ሰንሰለት የረዘሙ ናቸው፤ ሰንሰለቶቹም እጅግ ተጠጋግተው የተደረደሩ ናቸው። በክፍል ሙቀት ጋዝ የሚያልፍበት ክፍተት የለም ማለት ይቻላል። 250 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ግን ሰንሰለቶቹ ትንሽ መወዛወዝ ይጀምራሉ። ሃይድሮጅን ሾልኮ ያልፋል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ አብዛኛው እዚያው ይቀራል። በሙከራዎቹ ሃይድሮጅን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ20 ጊዜ በላይ ፈጥኖ አልፏል። ሌላውን ፕላስቲክ የሚያጠፋው ሙቀት ለፒቢአይ የሥራ ሰዓቱ ነው። ይህ ነገር እኔን ሁሌም ይገርመኛል።

ታዲያ በቤተ ሙከራ ጥሩ የሠራ ቁራጭ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል ማለት አይደለም። ፒቢአይ በቀላሉ አይሟሟም። በጠንካራ ኬሚካል ሟሙቶ ነው የሚፈተለው። አዎ፣ እንደ ጥጥ ይፈተላል፤ ግን ክሩ እንደ ስትሮ ውስጡ ክፍት ነው። የሚያጣራው የላይኛው ሽፋን ከ1 ማይክሮን ሊሳሳ ይገባል፤ የሰው ፀጉር ወደ 70 ማይክሮን ነው። እዚህ ሽፋን ላይ ጥቂት የመርፌ ቀዳዳዎች ብቻ ካሉ ሁሉም ጋዝ በዚያ ይሾልካል፣ ልፋቱ ገደል ይገባል። ክሮቹ በሺዎች ሆነው እንደ ስንደዶ ታስረው በብረት ቱቦ ውስጥ ይገባሉ። ጫፋቸውን የሚያጣብቀው ሙጫም 250 ዲግሪ መቻል አለበት። ክሩ ችሎ ሙጫው ከለቀቀ ምንም ዋጋ የለውም።

የፈቃድ ውል ወይም ላይሰንስ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ቤተ ሙከራ ፋብሪካ አይሠራም። ፓተንቱን (የፈጠራ ባለቤትነት መብቱን) ይይዝና ለኩባንያ የመጠቀም መብት ይሰጣል፤ በሎስ አላሞስ ይህን የሚያስተዳድረው በፊዚክስ ሊቁ በሪቻርድ ፋይንማን ስም የተሰየመው የፈጠራ ማዕከል ነው። ኩባንያው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚፈርመው የአማራጭ ውል ነው፦ ለተወሰኑ ወራት ልሞክረው፣ ለሌላ አትስጡብኝ የሚል። ከተስማማው መግቢያ ክፍያ፣ ከሽያጭ ላይ ሮያሊቲ የሚባል ድርሻና ዓመታዊ ዝቅተኛ ክፍያ ይመጣል። በተባለው ጊዜ ይህን ያህል ደረጃ ካልደረሰ መብቱ የሚነጠቅበት አንቀጽም አለ። ይህ አንቀጽ ትክክል ነው ባይ ነኝ። ያለዚያ አንዱ ኩባንያ ፈጠራውን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ ሊያስቀምጠው ይችላል።

ትልቁ ክርክር ግን ስለ አጠቃቀም ዘርፍ ነው። ያው ፒቢአይ ሃይድሮጅን ያጣራል፣ ነዳጅ ሴል (ሃይድሮጅንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር መሣሪያ) ውስጥ ይገባል፣ የተቀላቀሉ የኬሚካል ፈሳሾችንም ይለያል። ለአንድ ኩባንያ ሁሉንም በብቸኝነት መስጠት ሌሎቹን ዘርፎች ሊያደርቅ ይችላል። ስለዚህ ለጋዝ ለአንዱ፣ ለፈሳሽ ለሌላው እየተባለ ይከፋፈላል።

ፈሳሹ የራሱ ጣጣ አለው። እዚያ ፕላስቲኩን የሚፈትነው ከሙቀቱ ይልቅ አሟሚው ኬሚካል ነው፤ ብዙ ሙቀት ቻይ ፕላስቲኮች ግን እሱንም ይችላሉ። የታወቀው ምሳሌ ቦሞንት፣ ቴክሳስ ያለው የሞቢል ነዳጅ ማጣሪያ ነው። በ1998 ሞቢል ደብልዩ አር ግሬስ ከተባለው የኬሚካል ኩባንያ ጋር የሠራው፣ ፖሊኢሚድ ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ ሜምብሬን እዚያ ሥራ ጀመረ። ከሞተር ዘይት ሰም ሲወጣ የሚገባውን አሟሚ ሳያፈሉ መልሶ ማግኘት ነበር ሥራው። አንዱ ማጣሪያውን ያውቃል፣ ሌላው ሜምብሬኑን። እንዲህ ያለ ውል ውስጥ ሁለቱ እውቀቶች ካልተገናኙ ወረቀቱ ብቻውን አይሠራም። ፒቢአይም ላይ ያው ነው። ፓተንቱ ላይ የተጻፈው ቀመር ነው፤ ክሩ ሳይበሳ የሚፈተልበት እጅ ግን ባለሙያው ጋ ነው ያለው። ለዚህ ነው ጥሩ ውል የሥልጠና ቀናትንም የሚጨምረው።

ባለቤቱ ማን እንደሆነ በጊዜ አለማጥራት ምን እንደሚያመጣ ለማየት ወደ ውሃ ሜምብሬን ልሂድ። ጆን ካዶት ዛሬ ባሕር ውሃ የሚያጣራውን ስስ የፖሊአማይድ ሽፋን የፈጠረ ሰው ነው። መንግሥት ገንዘብ በሚሰጠው የምርምር ተቋም ይሠራ ነበር። ቀጥሎ ፊልምቴክ የተባለውን ኩባንያ ከመሠረቱት አንዱ ሆነ። ፓተንቱ በ1981 ወጣ፤ ዳው ኬሚካል በ1985 ኩባንያውን ገዛ። ፊልምቴክ ሃይድራናውቲክስ የተባለውን ተፎካካሪ ኩባንያ ፓተንቴን ጥሰሃል ብሎ ከሰሰ። በ1992 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ፈጠራው የተጸነሰው በመንግሥት ውል ሥር ነው፣ ስለዚህ ባለቤቱ የአሜሪካ መንግሥት ነው አለ። ክሱ ወደቀ።

ያ የቀድሞው አሠራር ነበር፤ ከ1980ው የአሜሪካ የቤይ–ዶል ሕግ ወዲህ ተቀይሯል። ዩኒቨርሲቲዎችና ትንንሽ ድርጅቶች፣ በኋላም ብዙ ብሔራዊ ቤተ ሙከራዎች፣ በመንግሥት ገንዘብ የሠሩትን ፈጠራ ይዘው ፈቃድ መስጠት ይችላሉ። መንግሥት ለራሱ የመጠቀም መብት ያስቀራል። በአሜሪካ ብቸኛ የሽያጭ ፈቃድ የሚወስደው ኩባንያም፣ ልዩ ፈቃድ ካላገኘ በቀር፣ እዚያ የሚሸጠውን በአብዛኛው እዚያው ማምረት አለበት።

ከሁሉም የሚከብደው ጊዜ ነው። ፓተንት ከማመልከቻው ቀን ጀምሮ 20 ዓመት ይቆያል። ክሩን ማሻሻል፣ በእውነተኛ የከሰል ጋዝ መፈተን፣ ገዢ ማግኘት ከዚያ ላይ እየተቀነሰ ይሄዳል። የፒቢአይ ጋዝ ማጣሪያ በዋናነት የታሰበው ከሰልን ወደ ጋዝ ለሚቀይሩ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች ነበር። በሚሲሲፒ ብዙ ቢሊዮን ዶላር የፈሰሰበት የኬምፐር ማመንጫ ግን በ2017 ከሰሉን ትቶ በተፈጥሮ ጋዝ ብቻ መሥራቱን መረጠ። የተጠበቀው ገበያ ሳይመጣ ቀረ። ሌላው ሊሆን የሚችል ገበያ ከተፈጥሮ ጋዝ ሃይድሮጅን የሚያወጡ ፋብሪካዎች ናቸው። እዚያም ጋዙ ሞቆ ነው የሚወጣው።